ስንዴው መድረሱን ማን ያያል?

ይህ ደሴ ላይ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለተማሪዎችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። በጽሑፍ ስጠን ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ፣ ይኸው፣ እንዳወራሁት አድርጌ ጽፌዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቦታ ያጣችሁ ልጆች ወደፊት ተጠጉ፣ መሬት ላይ መቀመጥ ይቻላል። ወንበሩን ለእናቶችና ለአባቶች ልቀቁላቸው።

ዛሬ የማወራው ስለ እርሻ ነው። እርሻው ግን ያለው ጌም ውስጥ ነው። ማይንክራፍትን የማያውቅ ልጅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። ለወላጆች በአጭሩ ልንገራችሁ። ዓለሙ በሙሉ ከኩብ የተሠራ ነው፤ ዛፉም፣ ድንጋዩም፣ ላሟም። ልጁ ባዶ እጁን ይገባል፣ እንጨት ይቆርጣል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ሳይመሽበት መጠለያ ይሠራል፣ ካልበላ ደግሞ ይራባል። ስዊድን ውስጥ የተሠራ ጌም ነው። ሙሉው በፈረንጆቹ 2011 ወጣ፣ በ2014 ማይክሮሶፍት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። እስከ 2023 ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ልጆቻችሁ ብቻቸውን አይደሉም ማለት ነው።

እኔ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን እጠግናለሁ። ጠዋት ሐረጎን ወርጄ ማታ ተመልሼ እወጣለሁ። ጌሙን ያስጀመረኝ የእህቴ ልጅ ነው። 12 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ማታ ስልኩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ አንተ ማሽን ታውቃለህ አይደል? ራሱ የሚያጭድ እርሻ ሥራልኝ» አለኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ያን ማታ የጀመርነውን ነገር ወራት ፈጅቶ ነው ዛሬ እናንተ ፊት ይዤው የመጣሁት።

መጀመሪያ ያልኩት አንድ ነገር ነው። በእጅህ እረስ። በእጁ ያላረሰ ሰው ማሽን ሊሠራለት አይችልም፣ ምን እንደሚያስቸግር አያውቅማ። በዶማ መሬቱን ትቆፍራለህ፣ ዘር ትዘራለህ፣ ትጠብቃለህ። ውሃ አጠገቡ ካለ የተቆፈረው መሬት ይጠቁራል፤ ረጠበ ማለት ነው። አንድ የውሃ ብሎክ፣ ማለትም አንድ ኩብ ውሃ፣ በየአቅጣጫው እስከ 4 ብሎክ ድረስ ያረጥባል። ስለዚህ 9 በ9 የሆነ መደብ ሠርታችሁ ውሃውን መሃል ላይ ካደረጋችሁ 80ውም ብሎክ ይጠጣል። ይሄን ልጁ በራሱ ደረሰበት። ባለ ካሬ ደብተር ላይ ነጥብ አስቀምጦ፣ በየአቅጣጫው 4 ቆጥሮ፣ ሣጥን ሠራ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ ነው የሣለው። ደብተሩ ይኸው፣ ሰሙ እስካሁን ገጹ ላይ አለ።

ከዚያ ስለ መስመር። ይሄ ብዙ ልጆች የማያውቁት ነገር ነው። አንድ ስንዴ በጎኑም፣ በፊትና በኋላውም፣ በማዕዘኑም ስንዴ ብቻ ከከበበው የማደግ ዕድሉ በግማሽ ይቀንሳል። አንድ መስመር ስንዴ፣ ቀጥሎ አንድ መስመር ካሮት፣ ከዚያ እንደገና ስንዴ ካደረጋችሁ ግን ሙሉ ዕድሉን ያገኛል። እዚህ ገበሬ የሆናችሁ ወላጆች ካላችሁ የልማት ሠራተኛው «በመስመር ዝሩ» ሲል ሰምታችኋል። እሱ የሚለው ሥሩ ቦታ እንዲያገኝና ለማረም እንዲመች ነው፣ ጌሙ ውስጥ ምክንያቱ ሌላ ነው፣ ሥራው ግን ያው መስመር ነው። አባቴ ኩታበር ነው ያረሰው፣ ስንዴና ገብስ። ይሄን ስነግረው «እኔ ብትን እየዘራሁ ዕድሜዬን ጨረስኩ፣ የልጅ ልጄ በስልክ በመስመር ይዘራል» አለኝና መደቡን አምጡ ልየው አለ። መነጽሩን አድርጎ አየው። ረጅም ሰዓት ነው ያየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ስንዴው እንዴት ነው የሚያድገው? የኮምፒዩተሩን እትም፣ ጃቫ የሚባለውን ነው የምናገረው። ጌሙ በሰከንድ 20 ጊዜ እንደ ልብ ይመታል። ዓለሙ 16 በ16 በ16 በሆነ ሣጥን የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ሣጥን 4096 ብሎክ ይይዛል። በእያንዳንዱ ምት ከሣጥኑ ውስጥ 3 ብሎክ በዕጣ ይወጣል። ዕጣው የወጣለት ስንዴ ለማደግ ዕድል ያገኛል። ሒሳቡን ብትሠሩት ለአንድ ስንዴ ዕጣው በአማካይ በ68 ሰከንድ አንዴ ይደርሰዋል። ደርሶትም ሁልጊዜ አያድግም። መሬቱ ዙሪያውን ርጥብ ከሆነ፣ በመስመር ከተዘራ፣ ብርሃንም ካለው፣ ከ3 ዕጣ አንዱ ነው የሚያሳድገው። ስንዴ 8 ደረጃ አለው፣ ስለዚህ 7 ጊዜ ማደግ አለበት። 7 በ3 በ68 አባዙት። ወደ 24 ደቂቃ ይመጣል።

በአማካይ ነው ያልኩት። በደንብ ያዙልኝ። ዕጣ ነውና ጎን ለጎን፣ በአንድ ደቂቃ የተዘሩ ሁለት ስንዴዎች እኩል አይደርሱም። አንዱ ቢጫ ሆኖ ሌላው ገና ለጋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የእርሻው ችግር ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

እኛ ይሄን ሳናስብ ነው በውሃ ማጨድ የጀመርነው። ብዙ ልጆች የሚሠሩት ነው። መደቡ ርዝመቱ 8 ብሎክ ነው። ከራስጌው ዲስፔንሰር የሚባል ሣጥን ይቀመጣል፣ ውስጡ አንድ ባልዲ ውሃ አለ። ቁልፍ ስትጫኑ ውሃውን ይደፋል፣ ድጋሚ ስትጫኑ መልሶ ይሰበስበዋል። የተደፋ ውሃ ደልዳላ መሬት ላይ ከራሱ ሌላ 7 ብሎክ ይሄዳል፤ ከራሱ ጋር 8። ከዲስፔንሰሩ ሥር አንድ የውሃ ቦይ፣ ከግርጌ ደግሞ ሌላ ቦይ አለ። አንዱ 4 ያረጥባል፣ ሌላው 4 ያረጥባል፣ 8 ሞላ። ቁጥሩ እንዲህ ሲገጥም እኔ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ውሃው ሲወርድ ስንዴውን ይነቅላል፣ ጠርጎ ወደ ግርጌው ቦይ ይወስዳል፣ ቦይው ደግሞ ወደ ሆፐር። ሆፐር ማለት ወፍጮ ቤት እህል የምታፈሱበትን፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነውን አፍ አስቡት፤ መልኩም ሥራውም እሱ ነው። ከላዩ የወደቀበትን ይውጣል፣ ወደ ሣጥን ያወርዳል። በ5 ብረትና በ1 ሣጥን ይሠራል። በሰከንድ 2 ተኩል ዕቃ ያሳልፋል።

ሠራነው። የመጀመሪያውን ቁልፍ ልጁ ተጫነ። ውሃው እየተንፏቀቀ መጣና ሁሉንም ጠረገው። እንዴት እንደጮኸ! ቤቱ በደስታ ሞላ። ከዚያ ሣጥኑን ከፈትን። ዘር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስንዴው ጥቂት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የደረሰ ስንዴ ሲታጨድ 1 ስንዴና ከ1 እስከ 4 ዘር ይሰጣል። ያልደረሰ ስንዴ ሲነቀል 1 ዘር ብቻ ነው የሚሰጠው፣ የጠበቃችሁት ጊዜ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። ውሃው የደረሰውንም ያልደረሰውንም እኩል ነው የጠረገው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው። በዚያ ላይ ያጨድነውን መደብ በሙሉ መልሰን በእጅ መዝራት ነበረብን። ሌላም ነገር አለ፤ ሆፐሩን አንዱን ፊቱን አዙረን ስላስቀመጥነው ሞላና ቆመ፣ ትርፉ ሜዳ ላይ ቀረ። ሜዳ ላይ የወደቀ ዕቃ በ5 ደቂቃ ይጠፋል። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ የለም።

ያን ማታ አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያየን ነበር። አንድ ነገር ጠየቀ። «መድረሱን ማን አይቶት ነው የታጨደው?»

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። አባቴ ስንዴ ሊያጭድ ሲል የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ማሳው ዳር ቆሞ ቢጫ ሆነ ብሎ አይጀምርም። ይገባል። ከመሃል አንድ ዛላ ይቀጥፋል። በሁለት መዳፉ ያሸዋል። እፍ ይላል፣ ገለባው ይበናል፣ ፍሬው መዳፉ ላይ ይቀራል። አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሱ ይነክሳል። ቀጭ ካለች ደርሷል። ከላላች እሸት ነው፣ ይቆያል። ከዚያ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደገና ያደርገዋል፣ ከጥግ፣ ከተዳፋቱ፣ ውሃ ከሚያቁርበት። ይሄን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አንድም ጊዜ ግን ሥራ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። ማጭዱን ነበር ሥራ የምለው።

ፋብሪካም እንደዚሁ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሙሉ መስመር ቆሞብን ነበር። ሞተሩን ፈታን፣ ቀበቶውን አየን፣ ገመዱን ለካን፣ ደህና ነው። መጨረሻ ላይ ዕቃ መጣ አልመጣም ብላ የምታየው ሴንሰር መስታወቷ ላይ አቧራ ይዛ ተገኘች። አውራ ጣት የምታክል ነገር ናት። በጨርቅ ጠረግናት፣ መስመሩ ተነሣ። እጁ ሁሉ ጤነኛ ነው፣ ዓይኑ ነው የታወረው።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ አልኩት። ማጨጃ እጅ መፈለግ እንተው፣ ዓይን እንፈልግ። እናንተም ጌሙ ውስጥ አውቶማቲክ እርሻ ልትሠሩ ስትነሡ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ይሄ ተክል መድረሱን ማን ያያል?

ሸንኮራን እንውሰድ። ጌሙ ውስጥ በጣም ቀላሉ አውቶማቲክ እርሻ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሸንኮራ ሲያድግ ቁመት ይጨምራል። ውሃ ዳር ይተከላል፣ እስከ 3 ብሎክ ይቆማል። ኦብዘርቨር የሚባል ብሎክ አለ፤ ፊት አለው፣ ፊቱ ላይ ያለው ብሎክ በተለወጠ ቁጥር ከጀርባው አንድ ምት ይልካል። በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም፣ ያያል። ኦብዘርቨሩን በሦስተኛው ብሎክ ቁመት ፊቱን ወደ ሸንኮራው አድርጋችሁ ታስቀምጣላችሁ። ከሥሩ፣ በሁለተኛው ቁመት፣ ፒስተን የሚባለው የሚገፋ ብሎክ። ከጀርባቸው ሬድስቶን የሚባለው ቀይ ዱቄት፣ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ አስቡት። ሸንኮራው ሦስተኛውን ሲያበቅል ኦብዘርቨሩ ያያል፣ ምቱ በዱቄቱ ይሄዳል፣ ፒስተኑ ይገፋል፣ ሁለቱ ብሎክ ይወድቃል። ሥሩ አይነካም። እንደገና ያድጋል። ዳግም መትከል የለም። አንድ ብሎክ ለመጨመር በአማካይ 18 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ሁለቱን ለማግኘት 36። እናንተ ተኝታችሁ፣ ጌሙ ክፍት ሆኖ፣ ሣጥኑ ይሞላል።

ወጪው ላይ ግን ተጠንቀቁ። ፒስተኑ 3 ጣውላ፣ 4 ድንጋይ፣ 1 ብረትና 1 ሬድስቶን ነው፣ አይከብድም። ኦብዘርቨሩ ግን ኳርትዝ ይፈልጋል፣ ኳርትዝ ደግሞ ያለው ኔዘር ነው፣ ያ እሳቱ ዓለም። አዲስ ለጀመረ ልጅ አደገኛ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሙሉ መስመር አንድ ኦብዘርቨር አድርጉና በዱቄቱ ሁሉንም ፒስተኖች አገናኙ። አንዱ ሲደርስ ሁሉም ይታጨዳል። 2 ብቻ የደረሰው 1 ይሰጣል፣ ምንም ያላደገው ምንም አይሰጥም፣ ሥሩ ስላልተነካ ግን ኪሳራ የለም። ስንዴ ላይ ግን ይሄን ብታደርጉ ትከስራላችሁ።

ስንዴ ለምን አይሆንም? ቁመቱ ከአንድ ብሎክ አያልፍም። ኦብዘርቨሩ ለውጡን ያያል፣ ግን ሰባቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ምት ነው የሚልከው። የመጀመሪያዋ ቅጠልና የመጨረሻው ቢጫ ለእሱ አንድ ነው። ተለወጠ ይላል እንጂ ደረሰ አይልም።

ደረሰ የሚል አንድ ፍጡር ግን ጌሙ ውስጥ አለ። ቪሌጀር። የመንደሩ ሰው። የገለባ ባርኔጣ ያደረገው ገበሬ የደረሰውን ብቻ ያጭዳል፣ ያጨደበትን ወዲያው ይዘራል። 9 በ9 መደባችሁን አጥር አጥሩለት፣ ኮምፖስተር የሚባለውን የማዳበሪያ በርሜል አኑሩለት፣ ገበሬ የሚሆነው በእሱ ነው፣ አልጋም ስጡት። ይሠራል። ቦርሳው 8 ኪስ አላት። ኪሶቹን ሁሉ በስንዴ ዘር ብትሞሉለት ያጨደው ስንዴ የሚገባበት አጥቶ መሬት ላይ ይቀራል፣ ከመሬቱ በታች ሐዲድ ላይ የሚመላለስ ሆፐር ያለበት ጋሪ ይለቅመዋል። ለካሮትና ለድንች ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ገበሬው ሲተርፈው ምግብ ለሌላው ቪሌጀር ይወረውራል፤ የቪሌጀር ጠባዩ ነው። ሁለተኛውን ቪሌጀር ማዶ አስቀምጣችሁ መሃል ላይ ሆፐር ብታደርጉ የወረወረው ሁሉ እናንተ ሣጥን ይገባል።

የእህቴ ልጅ ይሄን ሲያይ ዝም አለ። «ጋሼ፣ ያኛውስ? እጁን ዘርግቶ የሚጠብቀውስ?» አለኝ። ጌሙ ውስጥ ቪሌጀር በረሃብ አይሞትም አልኩት። አልተዋጠለትም። ወሎ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው፣ ጎረቤት እያየ ብቻውን የሚበላ ሰው አይቶ አያውቅም። ሆፐሩን ነቅሎ መጀመሪያ 12 ካሮት አሳለፈለት። አስታውሱ፣ 12 ካሮት አንዱ ቪሌጀር ልጅ ለመውለድ የሚበቃው ምግብ ነው፣ ትርፍ አልጋ ካለ። አልጋም ነበረ። ሳምንቱ ሳያልቅ መደቡ ውስጥ ሕፃን ይሮጥ ነበር። ሆፐሩን መልሶ የተከለው ከዚያ በኋላ ነው።

አንዲት እናት እጃቸውን ቀድመው አንሥተዋል፣ ይጠይቁ። «ልጄ ስልኩ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው። ይሄ ነገር ምን ያደርግለታል?»

እናቴ፣ ሰዓቱን ይገድቡለት፣ እኔም ለእህቴ ልጅ ገድቤለታለሁ። ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ዛሬ ማታ አጠገቡ ይቀመጡና «ውሃው ለምን እዚህ ጋ ቆመ?» ብለው ይጠይቁት። 8 ብሎኩን ቆጥሮ ካስረዳዎት እያሰበ ነው የዋለው። መልስ ካጣ ደግሞ ወረቀት ይስጡትና ይሣለው። እርስዎም ስለ እህል የሚያውቁትን ይንገሩት፤ አባቴ ያችን አንድ ጥያቄ ባይጠይቅ እኛ እስከ ዛሬ ለጋ ስንዴ እየጠረግን ነበር።

ሌላው፣ ለልጆቹ፣ ቶሎ ልበልና ልለፍ። ከእርሻችሁ በጣም ከራቃችሁ ዕጣው ይቆማል፣ ምንም አያድግም። ስለዚህ እርሻውን ቤታችሁ አጠገብ ሥሩ። ማሳው ላይ ደግሞ አትዝለሉ፣ የተቆፈረው መሬት መልሶ ይደነድናል፣ ዘሩም ይነቀላል። ብርሃንም ችቦ ሰክታችሁ ስጡት፣ ሌሊትም እንዲያድግ።

መጨረሻ ላይ ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሣች። አስረኛ ክፍል ነኝ አለች። «ለስንዴ ኦብዘርቨር አይሆንም አልክ። ሰባቱን ለውጥ ቢቆጥርስ?» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄ ጥያቄ ለእኔ ወራቱን ሁሉ አልመጣልኝም ነበር። ሰሌዳው ጋ ጠራኋት። አብረን ቆጠርን። ዘሩ ሲተከል ባዶው ስለሚለወጥ 1 ምት። ሲያድግ 7 ምት። በእጅ ሲታጨድ 1። ድምሩ 9። ድሮፐር የሚባለው ሣጥን ደግሞ ስንት ቦታ ነው ያለው? 9። ልጆቹ ሁሉ ከእኔ ቀድመው ጮኹ። ምት በመጣ ቁጥር አንዱ ድሮፐር ወደ ሌላው አንድ ሰይፍ ያሳልፋል፣ ሰይፍ አይደራረብም፣ አንድ ሰይፍ አንድ ቦታ ይይዛል። ኮምፓሬተር የሚባለው መሣሪያ ሙላቱን ያነባል። ስምንተኛው ሰይፍ ሲገባ ስንዴው ደርሷል ማለት ነው፣ ያኔ ውሃው ይልቀቅ።

«ግን እሱ አንዱን ስንዴ ብቻ ነው የሚያየው፣ ሌሎቹ ወደ ኋላ ሊቀሩ ይችላሉ» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «አባትህ ከመሃልም ከጥግም ይቀጥፋል አላልክም? ሦስት ቦታ ኦብዘርቨር ላድርግና ሦስቱም ሲሞሉ ይልቀቅ» አለች።

ሰይፎቹን ወደ መጀመሪያው ድሮፐር የሚመልሰው መንገድ ገና ነው የቀረን። የእህቴን ልጅ ደብተር ተበድራ ወስዳለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛ ትመጣለች።